የጣልያን ፋሽስቶች በአይሁድ ላይ ያወጧቸው የዘር ሕጎች መነሻቸው በርሊን ነው ወይስ አዲስ አበባ?

ነጋሪ ዘአራዳ (ክሩን የከፈተ)፦

ውድ የመድረኩ ታዳሚዎች፣ ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት እዚህ ቤት ያልተባለ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ያው ሥርዓት በገዛ አገሩ ተወልደው ባደጉ አይሁድ ላይ ምን እንዳደረገ ግን ሲነሣ አላየሁም። የአይሁድ መከራ በተወሳ ቁጥር ሐሳባችን በቀጥታ ወደ ሂትለር ይሄድና ሙሶሊኒን እንደ ጋሻ ጃግሬ ብቻ እንቆጥረዋለን። እኔ ዛሬ ለክርክር የማቀርበው ከዚህ የተለየ ነው፤ በ1938 በጣልያን አይሁድ ላይ የወረደው ሕግ ከጀርመን ብቻ የተቀዳ ሳይሆን አነጋገሩም የቅጣቱም ስልት አስቀድሞ በእኛ አገር የተሞከረ ነበር። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የካቲት 12ን ግን በእኛው እተዋለሁ።)

ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 ጀምሮ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ጣልያናዊ አይሁዳዊ እንደ ማንኛውም ጎረቤቱ ዜጋ ነበር። ሃምሳ ሺህ እንኳ በማይሞላው በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ፋሽስት የሆነም፣ ፋሽስትን የተቃወመም፣ ለፖለቲካ ደንታ ያልነበረውም ነበር። አልዶ ፊንዚ በሙሶሊኒ የመጀመሪያ መንግሥት የአገር ግዛት ምክትል ሚኒስትር ነበር፤ ጉይዶ ዩንግ ከ1932 እስከ 1935 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ አገልግሏል፤ የመሪውን የሕይወት ታሪክ ጽፋ ስሙን በውጭ አገር ያስጠራችለት ማርጌሪታ ሳርፋቲም አይሁዳዊት ነበረች።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1938 የወጣው አዋጅ አይሁዳውያን ተማሪዎችንና መምህራንን ከየትምህርት ቤቱ አስወጣ። አዋጁን የፈረመው ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ ሲሆን፣ ከስሙ አጠገብ የሰፈረው ማዕረግ «የጣልያን ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ይላል። እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት ባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠው ሳለ፣ በቶሪኖ ወይም በፌራራ የሚኖር የስምንት ዓመት ሕፃን በእሳቸው ዙፋን ስም በተፈረመ ወረቀት ከክፍሉ ተባረረ።

ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ የካቲት 12 ከተጨፈጨፈ ከሁለት ወር በኋላ፣ ቁጥር 880 የሆነ አዋጅ ወጥቶ ነበር። ኤፕሪል 19 ቀን 1937 የተጻፈው ይህ አዋጅ፣ ጣልያናዊ ዜጋ ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። ኖቬምበር 17 ቀን 1938 የወጣው ዋናው ፀረ አይሁድ ሕግም ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው «አርያን» የተባለ ጣልያናዊ ከሌላ ዘር ሰው ጋር የሚፈጽመው ጋብቻ የተከለከለና ፈራሽ መሆኑ ነው። ሙሶሊኒ ራሱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 18 በትሪዬስቴ አደባባይ ሲናገር፣ የዘር ጉዳይ ድንገት የመጣ እንዳልሆነና ከ«ኢምፓየሩ» መያዝ ጋር የተያያዘ እንደሆነ፣ ግዛት በጦር ቢያዝም የሚጠበቀው በክብር እንደሆነ ገልጾ፣ ከዚያው ንግግር ሳይወጣ አይሁድን የፋሽዝም የማይታረቁ ጠላቶች አድርጎ ፈረጃቸው። እኛንና እነሱን በአንድ እስትንፋስ ያያዘው እሱ ራሱ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህር ዘጎንደር፦

ወንድማችን ያነሣው ጉዳይ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን በደሎች አንድ ስናደርግ ሁለቱም እንዳይደበዝዙብን እሠጋለሁ። ቁጥር 880 የሚቀጣው ጣልያናዊውን ወንድ እንጂ ኢትዮጵያዊቷን ሴት አይደለም፤ ምክንያቱም በሕጉ ዓይን የ«ዘሩን ክብር» ያዋረደው እሱ ነው፣ እሷ ክብር እንዳላት አልተቆጠረችምና። በሜይ 1940 የወጣው ሕግም እንዲሁ ጣልያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት ወይም ከኤርትራዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስጠራ ከለከለ። የእነዚህ ሕጎች ዓላማ እኛን ከበታች አድርጎ በቦታችን ማቆየት ነበር፤ የእኛ ጉልበት ይፈለጋልና። በአይሁድ ላይ የወጣው ግን ቀድሞ እኩል የነበረውን ሰው ከሥራ፣ ከትምህርት፣ ከንብረት ነቅሎ፣ መጨረሻም ከአገር ለማስወጣት የታቀደ ነበር። አንዱ ከበር ውጭ ያለው እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሌላው ቤት ውስጥ ያለውን ያስወጣል።

ሁለተኛ፣ ጥላቻው ከኢትዮጵያ ጦርነት በፊትም ምልክት ነበረው። በማርች 1934 «ፍትሕና ነፃነት» የተባለው የፀረ ፋሽስት ማኅበር አባላት በቶሪኖ ሲያዙ ብዙዎቹ አይሁድ ስለነበሩ ጋዜጦቹ ወዲያው ዘራቸውን እየጠሩ ዘመቱባቸው፤ ከታሰሩት አንዱ ሌዮኔ ጊንዝበርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ የቀዘቀዘ መሰለ። በፌብሩዋሪ 1938 እንኳ መንግሥት በአይሁድ ላይ አንዳች እርምጃ ለመውሰድ አላሰበም የሚል መግለጫ ወጥቶ ነበር። በሜይ ሂትለር ሮምን ጎበኘ፤ በጁላይ አጋማሽ ደግሞ በሳይንቲስቶች ስም ዐሥር ነጥብ ያለው የዘር መግለጫ ታተመ፣ ዘጠነኛውም አይሁድ ከጣልያን ዘር አይደሉም ይላል። ጀርመን አስገድዳው ነው የሚለው አባባል ግን አይዋጥልኝም። ሙሶሊኒ ወዳጅነቱን ማጠናከር ፈልጎ ይሆናል፣ ብዕሩን ያነሣው ግን በገዛ እጁ ነው። በዚህ ረገድ ከነጋሪ ጋር እስማማለሁ።

ጠበቃው፦

ሁለታችሁም ስለ መነሻው ተናገራችሁ፤ እኔ ስለ አሠራሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም በእኔ ሙያ ዓይን ሲታይ የሚያስፈራው እሱ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በቆጠራ ነው። ኦገስት 22 ቀን 1938፣ ማለትም አንድም ሕግ ገና ሳይወጣ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ቢያንስ አንድ አይሁዳዊ ወላጅ ያለውን ሰው ሁሉ መዘገቡ፤ 58,412 ሰው ተገኘ፣ ከእነዚህም 46,656ቱ የአይሁድ ማኅበረሰብ አባላት ነበሩ። ቅጹን የሞላው ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ አላወቀም፤ ብዙውም ሕግ አክባሪ ዜጋ ስለነበር አድራሻውን፣ ሥራውንና የልጆቹን ስም ሳይደብቅ ጻፈ። በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የነበረው የሕዝብ ቁጥር ክፍልም በዚያው ሰሞን «የሕዝብና የዘር ጠቅላይ መምሪያ» ተብሎ ተደራጀ።

ከመዝገቡ ቀጥሎ ሕጉ በየወሩ ይደራረብ ጀመር። ሴፕቴምበር 7 የወጣው ከ1919 ወዲህ ዜግነት ያገኙ የውጭ አገር አይሁድን ዜግነት ገፍፎ በስድስት ወር ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ፤ ብዙዎቹ ከሂትለር ሸሽተው የመጡ ነበሩ። የኖቬምበሩ ሕግ አይሁዳዊ ወታደር እንዳይሆን፣ መቶና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት እንዳይኖረው፣ ከተወሰነ ግምት በላይ መሬትና ቤት እንዳይዝ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በባንክና በኢንሹራንስ እንዳይቀጠር፣ «አርያን» የቤት ሠራተኛ እንዳያስገባ ከለከለ። ማን አይሁዳዊ እንደሆነም ወሰነ፤ ሁለቱም ወላጆቹ አይሁድ ከሆኑ ተጠምቆ ክርስቲያን ቢሆንም አይሁዳዊ ነው፣ ከቅይጥ ጋብቻ የተወለደ ግን እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 1938 ሌላ ሃይማኖት ይዞ ከተገኘ ያመልጣል። በ1939 ተራው የጠበቆች፣ የሐኪሞችና የመሐንዲሶች ሆነ።

ሕግ አውጪው ከዚህ በኋላ ቢያርፍም ቢሮው አላረፈም። ቀሪው የተፈጸመው በሰርኩላር ነው፣ ያውም አብዛኛው ሰው በማያየው ወረቀት። ለአይሁድ ሬዲዮ መያዝ ተከለከለ፤ ስማቸው ከስልክ ማውጫ ተሰረዘ፤ የሞተባቸውን ሰው በጋዜጣ ማርዳት አልቻሉም፤ ታዋቂ የመዝናኛ ሥፍራዎች ተዘጉባቸው፤ በመንገድ ላይ እየዞሩ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ የሮም ድሆች ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ፤ ስለ «ዓለም አቀፍ የአይሁድ ገንዘብ» ሲለፍፍ የኖረ መንግሥት የሱቅ በደረቴ ነጋዴን ፈቃድ ለመንጠቅ ጊዜ አላጣም።

ነፃ የማውጫ ቀዳዳም ነበረ። በጦርነት የሞቱ ሰዎች ቤተ ሰቦች፣ ጀግንነት የተሸለሙና የጥንት የፓርቲ አባላት ከአንዳንዱ ክልከላ እንዲወጡ ማመልከት ይችሉ ነበር፤ ከተዘረዘሩት ጦርነቶች አንዱ የኢትዮጵያው ነው። ልጁ ግን ከትምህርት ቤት መባረሩ አልቀረለትም። ሰውም እርስ በርሱ ተከፋፈለ፣ አንዱ የአባቱን ኒሻን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ሌላው ይመለከተው ነበር።

ጠያቂ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ የማይመች ነገር ላንሣ። ጠበቃው እንዳሉት የኢትዮጵያ ጦርነት ሜዳልያ ለነፃነት ማመልከቻ ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች በእኛ ላይ ዘምተዋል ማለት ነው። በዲሴምበር 1935 «ወርቅ ለአገር» በተባለው ቀን የጋብቻ ቀለበታቸውን ለሙሶሊኒ ጦርነት ከሰጡት መካከል አይሁድም ነበሩ። በማይጨው በመርዝ ጋዝ የተቃጠለው አርበኛ የልጅ ልጅ ስለእነሱ እንዲያዝን እንዴት ይጠየቃል?

ነጋሪ ዘአራዳ፦

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በቁጣም አልመልሰውም። አዎን፣ ዘምተዋል፤ ቀለበትም ሰጥተዋል፤ እንደ ማንኛውም ጣልያናዊ። ከእነሱ የባሰም ነበረ። የቶሪኖው ባለ ባንክ ኤቶሬ ኦቫሳ በ1934 አይሁድ ለፋሽዝም ያላቸውን ታማኝነት የሚሰብክ ጋዜጣ አቋቋመ፤ ሕጉ ከወጣም በኋላ መሪው ይምረኛል ብሎ ተስፋ አልቆረጠም። በ1943 መጸው ጀርመኖች ማጆሬ ሐይቅ አጠገብ እሱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ገደሏቸው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሆኖም በኦቫሳ ጥፋት የሌላውን ሰው ልጅ አንከስም። አሳታሚው አንጄሎ ፎርቱናቶ ፎርሚጂኒ ዕድሜውን ሙሉ ቀልድና ፌዝ የሞላባቸውን መጻሕፍት ሲያሳትም የኖረ ሰው ነበር፤ ሕጉ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1938፣ በትውልድ ከተማው በሞዴና ከጊርላንዲና ግንብ ራሱን ወርውሮ ሞተ። ያለ እርሱ ሒሳብ አንስታይን የአንጻራዊነት ቲዎሪውን ለመጻፍ ይቸገር የነበረው ሊቅ ቱሊዮ ሌቪ ቺቪታ ከሮም ዩኒቨርሲቲ ተባረረ። ኤንሪኮ ፌርሚ ራሱ አይሁዳዊ ባይሆንም ሚስቱ ስለነበረች የኖቤል ሽልማቱን ለመቀበል ስቶክሆልም በሄደበት አሜሪካ ገባ። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ መኝታ ቤቷን ላቦራቶሪ አድርጋ ምርምሯን ቀጠለች። በተባረሩት ወንበር ላይ ደግሞ ባልደረቦቻቸው ተሽቀዳድመው ተቀመጡ፤ በፍሎረንስ የአቲሊዮ ሞሚሊያኖን ወንበር ሲሰጡት እምቢ ያለው ማሲሞ ቦንቴምፔሊ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው እንደ እሱ ያለ በመጥፋቱ ነው። እሱም ቢሆን ፋሽስት ነበር፣ ያም ሆኖ እምቢ አለ።

የሃይፋዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከቤተ እስራኤል ወገን ነኝና ነገሩን ከሌላ በኩል ልንካው። «እኛ» እና «እነሱ» እያላችሁ ስትከራከሩ ሁለቱንም የሆኑ ሰዎች እንዳሉ እንዳይዘነጋ።

ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ቤተ እስራኤልን በትምህርት ይረዱ የነበሩት አውሮፓዊ አይሁዳዊ የዶክተር ፋይትሎቪች ተማሪ ነበሩ፤ ፍሎረንስ በሚገኘው የረቢዎች ኮሌጅ ተምረው በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መርተዋል። ጣልያንኛቸው እንደ ተወላጅ ነበር፤ የጣልያን አይሁድ ወዳጆችም ነበሯቸው። ወራሪው ሲገባ ግን ተምሮ የመጣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ሆነ፣ ከየካቲት 12 በኋላም የተማረው ወጣት ሲለቀም ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ። እሳቸው በ1937 ከአገር ወጥተው በስደት ለነፃነት ትግሉ አገልግለዋል። በዚያው ዘመን በጣልያን የአይሁድ ማኅበረሰቦች ኅብረት ተልኮ በ1936 ወደ አገራችን የመጣ ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የሚባል ጠበቃ ነበር፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የነበሩትን ከአደን ወደብ (የመን) የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ማኅበር ሊያደራጅ መጥቶ ቤተ እስራኤልንም አገኛቸው። ሮም ያኔ በ«አዲሱ ግዛቷ» ያሉትን አይሁድ ለራሷ ጥቅም ልትጠቀምባቸው ታስብ ነበር። ቪቴርቦ ግን አገሩ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ በ1940 ኡርቢሳሊያ በተባለው የግዞት ካምፕ ታሰረ። ኢትዮጵያን በያዘው መንግሥት ሥር ለተልእኮ የመጣ ሰው በዚያው መንግሥት ታሰረ ማለት ነው።

ሌላም አለ። የፋሽስት ታላቅ ምክር ቤት ኦክቶበር 6 ቀን 1938 የዘር ሕጎቹን መሠረት ባጸደቀበት ስብሰባ፣ የአይሁድን ፍልሰት ከፍልስጥኤም ለማስቀየር ሲባል በአንዳንድ የኢትዮጵያ ክፍል የአውሮፓ አይሁድን በቁጥጥር ማስፈር ሊፈቀድ እንደሚችል አስታውቆ ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መልእክተኛም በጃንዋሪ 1939 ደቡብ ኢትዮጵያን ለስደተኛ አይሁድ ማስፈሪያ ሐሳብ አድርጎ ለሙሶሊኒ ደብዳቤ አቀረበ፤ ሙሶሊኒ አልተቀበለውም። የአገሩን ባለቤት ማንም አልጠየቀም፣ ስደተኛውንም ማንም አልጠየቀም። ነጋሪ የጠየቁት ጥያቄ መልስ እዚህ ውስጥ በከፊል ያለ ይመስለኛል፤ ሁለታችንንም እንደ ዕቃ ከዚህ ወደዚያ የሚያዛውረው እጅ አንድ ነበር።

ከሚላኖ፦

ነዋሪነቴ ሚላኖ ነው። በዋናው የባቡር ጣቢያ ሥር፣ መንገደኛው ከማያየው ምድር ቤት፣ ቀድሞ የፖስታ ከረጢት ይጫንበት የነበረ ሐዲድ አለ። ከዲሴምበር 1943 ጀምሮ አይሁድን በዕቃ ፉርጎ አጉረው አውሽቪትዝ ወደተባለው የናዚ የሞት ካምፕ የላኩት ከዚያ ነው፤ ፉርጎው ከታች ከተሞላ በኋላ በአሳንሰር ወደ ላይ ወጥቶ ከባቡሩ ጋር ይቀጠል ነበር። ዛሬ መታሰቢያ ሲሆን መግቢያው ላይ ባለው ግንብ የተቀረጸው አንድ ቃል «ግድየለሽነት» የሚል ነው። በ1938 በስምንት ዓመቷ ከትምህርት ቤት የተባረረችው ሊሊያና ሴግሬ በጃንዋሪ 1944 በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ከአባቷ ጋር ከዚያ ተጭናለች፤ አባቷ አልተመለሰም፣ እሷ በ2018 የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆናለች።

ጠበቃው ስለ ቆጠራው የጻፉት የሚያስኬደው እስከዚህ ነው። ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ሲወርድ በቦታው የተተካው እኛ የምናውቀው፣ አዲስ አበባን የያዘው ጦር አዛዥ የነበረው ባዶልዮ ነበር፤ በአርባ አምስት ቀን ሥልጣኑ የዘር ሕጎቹንም አልሻረ፣ መዝገቦቹንም አላቃጠለ። ጀርመኖች ሲገቡ ስሙም አድራሻውም ተሰናድቶ ጠበቃቸው። ኦክቶበር 16 ማለዳ ሮም ውስጥ ቤት ለቤት ያሰሱት የጀርመን ወታደሮች ናቸው፤ ከሺህ በላይ ሰው ወደ አውሽቪትዝ ሲላክ የተመለሱት ዐሥራ ስድስት ብቻ ናቸው። ከኖቬምበር 30 በኋላ ግን አይሁድ ሁሉ ተይዘው በካምፕ እንዲታጎሩ ያዘዘው ሙሶሊኒ ከወረደ በኋላ በጀርመኖች ድጋፍ በሰሜን ጣልያን ያቋቋመው አዲስ መንግሥት ነው፣ ያሰሩትም የጣልያን ፖሊሶች ናቸው። የዚያ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር ማን እንደነበር ለዚህ መድረክ መንገር አያስፈልግም፤ ግራዚያኒ ነው።

መምህር ዘጎንደር፦

ይህን የግራዚያኒን ነገር ሰምቼ ከቀድሞው አቋሜ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጎቹ ይለያያሉ ማለቴን አልለወጥም፤ ሰዎቹ ግን እንደማይለያዩ እቀበላለሁ። አልዶ ፊንዚም በማርች 1944 ጀርመኖች ሮም አጠገብ በአርዴያቲኔ ዋሻ ከረሸኗቸው 335 ሰዎች አንዱ ነበር፤ በ1922 ያገለገለው ሥርዓት የቀድሞ አገልጋዬ ብሎ አላዳነውም።

ጠያቂ፦

ለመልሶቹ አመሰግናለሁ፤ አሁን ነገሩ በሌላ ዓይን ታይቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ይብራራልኝ፤ ሕጎቹ መቼ ተሻሩ? ያስፈጸሟቸውስ ተጠየቁ?

ጠበቃው፦

በደቡብ የነበረው የንጉሡ መንግሥት በጃንዋሪ 1944 ሁለት አዋጆች አወጣ። አንደኛው የአይሁድን የዜግነት መብት መለሰ፤ ሁለተኛው የተወረሰ ንብረት እንዲመለስ የሚያዘው ሲሆን በጋዜጣ መታተሙ እስከ ኦክቶበር ዘገየ። ስለ ተጠያቂነት ግን አንድ ስም ልንገርዎት። በ1939 ሕግ፣ በመዝገብ አይሁዳዊ የተባለ ሰው «አርያን» መሆኑን የሚወስን ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር፤ በተለምዶም «የዘር ፍርድ ቤት» ይባል ነበር። ሰብሳቢው ጋኤታኖ አዛሪቲ የተባለ ዳኛ ነው። በ1943 የባዶልዮ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ፤ ከጦርነቱ በኋላም የማንም ዐይን ሳያርፍበት በፍትሕ ሚኒስቴር ቆየ፤ ሪፐብሊኩ ዜጋ ሁሉ በዘር ሳይለይ እኩል ነው የሚለውን ሕገ መንግሥት የሚጠብቅ ፍርድ ቤት ሲያቋቁም ዳኛ ሆኖ ተሾመ፣ ከ1957 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1961 ድረስም ፕሬዚዳንቱ እሱ ነበር። ግራዚያኒም በ1950 ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ፤ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ እንጂ በአዲስ አበባ ላይ ስላደረገው አልነበረም።